ከተሰነጠቀው የጀልባ መሪ (ራደር) ቡናማ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አምና ያገለገለች ካታሊና 22 የሸራ ጀልባ ገዛሁ። መስከረም ላይ ከአናፖሊስ ወጣ ብለን ስንመለስ፣ ኪሏን (ከሆዷ ሥር የሚወርደውን ክንፍ) ሰብስበን በዝግታ እየሄድን ሳለ መሪዋ ከታች አሸዋ መታ። ወዲያው ስለተላቀቀች ምንም የሆነች አልመሰለኝም። የብርዱን ወራት ጓሮዬ ተጎታች ላይ ቆመች። አሁን መሸፈኛዋን ስገልጥ የመሪው የታችኛው ጥግ ተሰባብሯል። ከጎኑ ወደ ላይ የሚሄድ ስንጥቅ አለ። ከስንጥቁ ቡናማ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ጀልባዋን የሚይዝበት ብረት ላይም ይወዛወዛል። ጓደኛዬ የመኪና ስቱኮ ሙላበትና ቀለም ቀባው ይለኛል። ይበቃል? ወይስ አዲስ ልግዛ? ከፋሲካ በኋላ ልጆቼን ይዤ ልወጣ አስቤ ነበር።»

ወንድሜ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። ስቱኮ አይበቃም። አዲስ ለመግዛት ደግሞ ገና አልደረስክም። መጀመሪያ ራደሩን ከጀልባዋ አውርደውና የቤት ሚዛን ላይ አስቀምጠው። ቁጥሩን ከነቀኑ ወረቀት ላይ ጻፍ። ሌላው ሥራ ሁሉ ከዚህ ቁጥር ይጀምራል።

አንተን ያስደነገጠህ ስንጥቁ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ውሃው ነው። ስንጥቅ በሁለት ቅዳሜ ይጠገናል። ውስጡ የገባው ውሃ ግን ካልወጣ፣ ከላይ የምትሠራው ሁሉ ያምራል እንጂ አይቆይም።

በዚህ ሥራ መጀመሪያ ዓመታት ላይ ሰው ቸኩሎብኝ እኔም ቸኮልኩ። ጥቅምት ላይ አንድ ራደር ከውጭ በደንብ ደረቅኩ ሲለኝ ስንጥቁን ሞልቼ፣ ፋይበርግላስ (በሙጫ የሚጠነክር የመስታወት ክር ጨርቅ) አልብሼ፣ ቀለም ቀብቼ አስረከብኩ። እጅህን ብታሳልፍበት ጥገናው የት እንዳለ አታውቅም ነበር። ብርዱ ካለፈ በኋላ ባለቤቱ መልሶ አመጣው። ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ዳቦ ለሁለት ተከፍሏል። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ ወደ 9 በመቶ ይጨምራል። መውጫውን ደፍኜበት ስለነበር ቅርፊቱን ገፍቶ ነው የወጣው። የሰውየውን ገንዘብ መለስኩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልመዘንኩትን ራደር አልዘጋሁም።

ያንተም ጓሮ ውስጥ የሆነው ይህ ይመስለኛል። አሸዋው ጥጉን ሰበረው፣ በዚያ በኩል ውሃ ገባ፣ ጥርና የካቲት ላይ በረዶ ሠራ፣ ስንጥቁን ወደ ላይ አስኬደው። ስለዚህ ከመስከረሙ ግጭት ይልቅ የከፋው ጉዳት የደረሰው ጀልባዋ ቆማ ሳለ ሊሆን ይችላል። አናፖሊስ ባለችበት ቼሳፒክ ላይ መሪ ከታች መምታት ብርቅ አይደለም። ያን ያህል ሰፊ የሆነ የባሕር ወሽመጥ አማካይ ጥልቀቱ 6 ሜትር ከምናምን ብቻ ነው። ኪልህን ስትሰበስብ ከሁሉም ወደ ታች የሚወርደው አካል ራደሩ ይሆናል። እንግዲህ መሬት የሚያገኘው እሱ ነው።

አሁን ወደ ምርመራው። ካታሊና 22 ከ1969 ጀምሮ ከ15,000 በላይ የተሠራች ጀልባ ናት። ራደሯ ከኋላ ግድግዳዋ ላይ እንደ በር ይንጠለጠላል። እንደ በር ማጠፊያ አድርገህ አስበው፦ ራደሩ ላይ ሚስማር ያለው ብረት አለ፣ ፒንትል ይባላል። ጀልባዋ ላይ ሚስማሩ የሚገባበት ቀለበት አለ፣ ጋጅን ይባላል። ይህ ላንተ መልካም ዜና ነው። አንደኛ፣ ጀልባዋን ሳታነሳ ራደሩን ብቻ ነቅለህ ጋራዥ ታስገባዋለህ። ሁለተኛ፣ ውስጡ የተደበቀ የብረት ዘንግ የለም። ከጀልባው ሆድ ሥር የሚገባ ዘንግ ያላቸው ራደሮች ሌላ በሽታ አላቸው። ስቴንለስ ብረት ከዝገት የሚጠብቀው አየር ሲያገኝ የሚሠራው ስስ ሽፋን ነው። እርጥብ ፎም ውስጥ ታፍኖ አየር ካጣ ስቴንለሱም ይበላል፤ ከውጭ አይታይም፤ አንድ ቀን ዘንጉ ይቆረጣል። አንተ ከዚህ ተርፈሃል።

ቡናማው ውሃ ራሱ ይናገራል። በአሮጌዎቹ ላይ ውስጡ እንጨት የሆነ ራደር በብዛት ያጋጥመኛል፤ ኮምፔንሳቶ ነው፣ እዚህ ፕላይውድ የሚሉት። እንጨት ውሃ ውስጥ ሲከርም እንደ ሻይ የመሰለ ቀለም ይለቃል። ጠብታውን ጣትህ ላይ ተቀብለህ አሽትተው። የረጠበ ቅጠል፣ የሻገተ እንጨት ከሸተተህ እንጨቱ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። እንደ ኮምጣጤ ከሸተተህ ደግሞ ሬዚኑም፣ ማለት ፋይበርግላሱን ያጠነከረው ሙጫ፣ ራሱ በውሃው እየተጎዳ ነው።

ቀጥለህ ሳንቲም ያዝ። ራደሩን ሁለት ጣውላ ላይ አጋድመውና በሳንቲሙ ጠርዝ ቀስ እያልክ ከላይ ወደ ታች አንኳኳው። ደህናው ቦታ ቀጭን፣ ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል፤ ቋ፣ ቋ ይላል። ቅርፊቱ ከውስጡ እንጨት የተላቀቀበት ቦታ ድምፁ ይወፍራል፣ ባዶ ሳጥን እንደመምታት። ድምፁ የተለወጠበትን ሁሉ በእርሳስ ክበበው። ሰው ሳይኖር፣ ሬዲዮ ዘግተህ ሥራው። የእርሳሱ ክብ ከስንጥቁ ሦስትና አራት እጥፍ ሰፍቶ ብታገኘው አትደንግጥ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

ከዚያ በድሪል ትበሳዋለህ። አዎ፣ ደህና የሚመስለውን ራደር መብሳት ሆድ ያባባል። ግን ያለዚህ አታውቅም። 6 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ውሰድ። መሰርሰሪያው ላይ ቴፕ ጠቅልለህ ጥልቀቱን ወስን፤ አንዱን ቅርፊት አልፎ እንጨቱን ይንካ እንጂ በሌላው ጎን እንዳይወጣ። ከታች ጀምረህ፣ በከበብከው ቦታ ላይ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ብሳ። አሁን የሚወጣውን ፍርፋሪ መዳፍህ ላይ ተቀብለህ እየው። ነጣ ያለና ደረቅ ከሆነ እንጨቱ ደህና ነው። ጠቆር ብሎ ግን ፍርፋሪው ቅርፅ ካለው ረጥቧል እንጂ አልሞተም፤ ይደርቃል። እንደ ቡና አተላ ሆኖ ጣትህ ላይ ከተለጠፈ ያ እንጨት አልቆለታል። ማድረቅ አያድነውም፤ መቆረጥ አለበት።

አዲስ ልግዛ ወይስ ልጠግን የሚለው የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። የእኔ ልማድ ይህ ነው፦ አተላ የሆነው ከጠቅላላው ከሲሶ በታች ከሆነ እጠግናለሁ። ከዚያ ካለፈ፣ ወይም ብረቶቹ የታሰሩበት የላይኛው ክፍል ከበሰበሰ፣ አሮጌውን እንደ ንድፍ ተጠቅሜ አዲስ እሠራለሁ፤ አለዚያ ባለቤቱ እንዲገዛ እመክራለሁ። ለካታሊና 22 አዲስ ራደር የሚሸጡ አሉ፤ ዋጋው በመቶዎች ዶላር ነው። ጊዜ ከሌለህና ገንዘቡ ካለህ መግዛት ነውር አይደለም። ራስህ ከሠራህ ግን የባሕር ኮምፔንሳቶ ግዛ። ቢኤስ 1088 የሚል ማኅተም ያለበትን። ተራው ኮምፔንሳቶ በንብርብሮቹ መካከል ክፍተት አለው፤ ውሃ እዚያ ይጠራቀማል።

ይጠገናል ብለን እንቀጥል።

ማድረቅ። ከሥራው ሁሉ ረጅሙ ይህ ነው፤ ሰውም የሚዘለው ይህንኑ ነው። እኔ ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ጣና ላይ ደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች ወደ ዳር ሲመለሱ ታንኳቸውን ውሃ ላይ አይተዉም። ጎትተው ያወጡና ፀሐይ ላይ ያቆሙታል። ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ከከበደ ታንኳው አይሄድም፤ ቶሎም ይበሰብሳል። ልጅ ሆኜ ያ ሁሉ ድካም ለምን እንደሆነ አይገባኝም ነበር። አሁን በየቀኑ የምሠራው እሱኑ ነው። በነገራችን ላይ ታንኳ ራደር የለውም፤ የቀዛፊው እጅ ነው መሪው። ለዚህም ይሆናል ብዙ ሰው በአማርኛ ራደርን መቅዘፊያ የሚለው። እኛ ሥራው ላይ ያለን ግን ራደር እንላለን፤ አንተም ዕቃ ልትገዛ ስትሄድ እንዲሁ በል።

ራደሩን የበሳኸው ጎን ወደ ታች ሆኖ አቁመው። የተሰበረውን ጥግ እስከ ደህናው ድረስ ቆርጠህ ክፈተው፤ ውሃው በዚያ ይውረድ። ጋራዥ ውስጥ ተራ ቬንቲሌተር አድርግበት። እርጥበት መሳቢያ ማሽን ካለህ አጠገቡ አስቀምጥና በላስቲክ ድንኳን ሥራላቸው። በሙቀት መንፊያ ለማፋጠን አትሞክር። ውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ደህናውን ቅርፊት ይገነጥለዋል። በየእሑዱ መዝነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ብዙ ይቀንሳል፣ ደስ ይልሃል። ከዚያ እየዘገየ ይሄዳል። ሁለት እሑድ ተከታትሎ ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ደርቋል። ሦስት ሳምንት ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ወርም አይቻለሁ። ፋሲካ ቢያልፍም ይለፍ።

ሲደርቅ፣ አተላ የሆነውን ቦታ በግራይንደር ከአንድ ጎን ብቻ ቅርፊቱን እንደ መስኮት ቆርጠህ አንሳ። ሌላኛውን ጎን አትንካ፤ ቅርፁን የሚጠብቅልህ እሱ ነው። የሞተውን እንጨት በመሮ ጠርገህ አውጣ። ጠንካራው እንጨት ላይ ስትደርስ መሮው ራሱ ይነግርሃል፤ መጥረግ ትቶ መቁረጥ ይጀምራል። ባዶውን በሚመጥን አዲስ ኮምፔንሳቶ ሙላው። ከማጣበቅህ በፊት ሁለቱንም፣ አሮጌውንም አዲሱንም እንጨት፣ የማወፈሪያ ዱቄት ያልገባበት ቀጭን ኢፖክሲ (ከማጠንከሪያው ጋር ሲዋሃድ የሚጠነክር ማጣበቂያ) ቀባቸው። እንጨቱ ይጠጣዋል። ካልቀባኸው ማጣበቂያህን ይጠጣብህና መጋጠሚያው ደርቆ ይቀራል።

ስለ ማጣበቂያው ልናገር፤ ምክንያቱም የጓደኛህ ስቱኮ ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። የመኪና ስቱኮ ፖሊስተር ሬዚንና የድንጋይ ዱቄት ነው። ለመኪና በር ደህና ነው፤ ከላይ ቀለም አለ፣ ዝናብ መጥቶ ይሄዳል። ውሃ ውስጥ ለሚውል ነገር ግን ዱቄቱ እርጥበት ይስባል። ስቱኮው ያብጣል፣ ቀለሙን ይገፋል፣ ይላቀቃል። ደግሞም ጉልበት የለውም፤ ውስጡ ክር የለበትማ። ራደር ላይ የሚያርፈው ኃይል ቀላል አይደለም። ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። የተሰበረብህ ጥግ ደግሞ ከብረቶቹ በጣም የራቀው ጫፍ ነው፤ እንደ ረጅም ድጅኖ ሆኖ ላይኛውን ክፍል ይጠመዝዛል።

ስለዚህ ኢፖክሲ ግዛ። ጀልባዋ ስትሠራ በፖሊስተር ነው የተሠራችው፤ ግን ለጥገና ኢፖክሲ በአሮጌው ፖሊስተር ላይም በእንጨትም ላይ የተሻለ ይይዛል። አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ጓደኛህ ስቱኮ የለመደ ከሆነ ቶሎ እንዲደርቅ ማጠንከሪያውን ጨመር አድርግ ይልሃል። ኢፖክሲ ላይ ይህ አይሠራም። ጣሳው ላይ የተጻፈውን መጠን፣ 5 ለ1 ይሁን 3 ለ1 ወይም 2 ለ1፣ እንዳለ ጠብቅ። ስታበዛም ስታሳንስም ሳይጠነክር ሙጫ ሆኖ ይቀራል፤ ያን ጠርጎ ማውጣት የሚያስለቅስ ሥራ ነው። ፍጥነቱን የምትቆጣጠረው በሙቀት ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ፍጥነቱ በግምት እጥፍ ይሆናል። ሚያዝያ ላይ ሜሪላንድ ሌሊቱ ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ፈጣኑን ማጠንከሪያ ምረጥ፣ ጋራዡንም አሙቀው።

በትንሽ በትንሹ አዋህድ። ኩባያ ሞልተህ አዋህደህ ስልክ ብታነሳ፣ ስትመለስ ኩባያው ይጨሳል። ኢፖክሲ ሲጠነክር ራሱ ይሞቃል፤ ጥልቅ ዕቃ ውስጥ ከሆነ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ለዚህ ነው ሰፊና ዝቅ ያለ ዕቃ ላይ መገልበጥ የሚሻለው። ጥጉን ስትሞላም በአንድ ጊዜ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ አታፍስስ።

ለሙሌቱ ኢፖክሲውን ማወፈር አለብህ። ሁለት ዓይነት ዱቄት ይሸጣሉ፤ እነሱን አታምታታ። ሲሊካው ጠንካራ ያደርገዋል፤ ለማጣበቅ፣ ለጥጉና ለብሎን ቀዳዳ እሱ ነው። ሌላው ማይክሮባሉን የሚባለው ቀላል ዱቄት ነው፤ ለመጨረሻው ማስተካከያ ብቻ፣ በብርጭቆ ወረቀት ቶሎ እንዲላግ። ጉልበት በሚያርፍበት ቦታ እሱን ካስገባህ መልሰህ ስቱኮ ሠራህ ማለት ነው። ውፍረቱን ለመለየት በማንኪያ አንሳው፤ እንደ ኦቾሎኒ ቅቤ ቆሞ ከቀረ በቂ ነው።

አሁን ዋናው፣ ፋይበርግላሱ። መስኮት የከፈትክበትን ጠርዝና ስንጥቁን በሁለቱም በኩል በግራይንደር አሳሳው። መጠኑ 12 ለ1 ነው፦ ቅርፊቱ 4 ሚሊ ሜትር ከወፈረ፣ ከጠርዙ እስከ 48 ሚሊ ሜትር ድረስ ቀስ በቀስ እየሳሳ ይምጣ። ብዙ ሰው ደህናውን ቅርፊት ይህን ያህል መላግ ያሳዝነዋል። ግን ጥገናው የሚይዘው በዚያ ስፋት ላይ ነው። ስንጥቁን ብቻ ሞልቶ መተው ሁለት ጣውላ በጫፋቸው ማጣበቅ ነው፤ በዚያው ይሰነጠቃል።

ክሩ ወደ ሁለት አቅጣጫ፣ 45 ዲግሪ ተሻግሮ የተሰፋውን ጨርቅ ውሰድ። ባይአክሲያል ብለህ ጠይቅ። ሦስት ወይም አራት ንብርብር ቁረጥ፣ አንዱ ከሌላው ወደ 2 ሴንቲ ሜትር እየሰፋ። እኔ ሰፊውን መጀመሪያ አደርጋለሁ። ያሳሳኸውን ቦታ በሙሉ የሚነካው እሱ ነው፤ በኋላ ስትልግ ዋናውን ክር አትቆርጠውም። በብሩሽና በሮለር አርጥበው፤ ጨርቁ ነጭነቱን ትቶ ውስጡ መታየት ሲጀምር ጠጥቷል። ነጭ ነጥብ ከቀረ አየር ነው፤ በሮለሩ ግፋው። ከላይ ፒል ፕላይ የሚሉትን ናይሎን ጨርቅ ካለበስከው በማግስቱ ስትገነጥለው ንጹሕና ሻካራ ገጽ ይሰጥሃል። ካላለበስከው ኢፖክሲው ላይ ሰም የመሰለ ነገር ይወጣል፤ ከመላግህ በፊት በውሃና በሻካራ ስፖንጅ እጠበው። ሳታጥብ ብትልገው ወደ ውስጥ ታሻዋለህ፣ ቀለሙ አይይዝም።

የታችኛው ጥግ ላይ ጨርቁን ዙሪያውን ጠቅልለው፣ በአንድ ጎን ጀምሮ በሌላው ጎን ይጨረስ። ከዚያ በፊት ግን ሹሉን ጠርዝ አለስልሰው። ፋይበርግላስ ሹል ጠርዝ ላይ አይተኛም፤ ይነሳና ሥሩ አየር ይቀራል። የበሳኻቸውን ቀዳዳዎችም ጠርዛቸውን አስፍተህ ሙላና በትንሽ ጨርቅ ሸፍናቸው።

ስትልግ ሙሉ መተንፈሻ ጭምብል አድርግ፤ የወረቀቱን አልልህም። የፋይበርግላስ ብናኝ ሳንባ አይወደውም። ናይትራይል ጓንት አድርግ። ኢፖክሲ ቆዳህን ከነካው በአሴቶን አትጠበው፤ አሴቶኑ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። በኮምጣጤ ጥረገውና በሳሙና ታጠብ። አንዴ አለርጂ ከያዘህ ዕድሜ ልክ ነው፤ በዚህ ምክንያት ሥራውን የተዉ ሰዎች አውቃለሁ። ልጆችህ ጋራዡ ውስጥ አይግቡ።

ስለ መወዛወዙ። ይህን ከሁሉም በላይ ልብ በልልኝ። ፒንትሎቹን ፍታ፤ ብሎኖቹን፣ ዳዶዎቹንና ሮንዴላዎቹን ለየብቻ አስቀምጥ። ውሃው የገባው ከታች ብቻ ላይሆን ይችላል። በብሎን ቀዳዳዎቹ በኩል ለዓመታት ሲገባ የነበረ ብዙ አይቻለሁ። ቀዳዳዎቹን በሰፊ መሰርሰሪያ አስፋቸው፣ ባወፈርከው ኢፖክሲ ሙላቸው፣ ሲጠነክር በትክክለኛው መጠን እንደገና ብሳ። ከዚያ በኋላ ብሎኑ የሚያልፈው በኢፖክሲ ውስጥ ነው። የብሎኑ ማሸጊያ ቢያፈስ እንኳ ውሃው እንጨት አያገኝም። ለማሸጊያ ቡታይል ቴፕ እወዳለሁ፤ አንድ ቀን መፍታት ትፈልጋለህና ለዘላለም የሚያጣብቀውን አታድርግ።

ብረቶቹን በማጉያ መነጽር እያቸው፤ በተለይ ሚስማሩ የተበየደበትን። ብየዳው ዳር ቀጭን የሻይ ቀለም መስመር ካየህ፣ እዚያ ስንጥቅ ሊኖር ይችላል። ቀይ ቀለም ረጭተህ፣ ጠርገህ፣ ከላይ ነጭ የምትረጭበት የስንጥቅ መፈተሻ በትንሽ ገንዘብ ይገኛል። ስንጥቅ ካለ ቀዩ በነጩ ላይ ይወጣል። የተሰነጠቀ ፒንትል አይበየድም፣ ይቀየራል። ስለ እንጨቱ ልንከራከር እንችላለን፤ በብረቱ ግን አልደራደርም። ብሎኖቹንም 316 ስቴንለስ አድርጋቸው። ሚስማሩ ቀለበቱ ውስጥ የሚጫወት ከሆነ በመካከል የሚገባ የናይሎን ቡሽ አለ፤ መወዛወዙ በዚያ ሊጠፋ ይችላል።

ወደ ጀልባዋም ዞር በል። ራደሩ ከታች ሲመታ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይገፋል፤ ያን ኃይል የተቀበሉት ጋጅኖቹ ናቸው። ዙሪያቸውን በሳንቲምህ አንኳኳ። የኋላው ግድግዳ በአውራ ጣት ሲጫን ከረገበ፣ ወይም ብሎኖቹ ዙሪያ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ካለ፣ ጉዳቱ ራደሩ ላይ አላቆመም። ከውስጥ በኩል ተራ ሮንዴላ ብቻ ካለ፣ ሰፋ ያለ ላሜራ አስገባበት።

ቀለሙ ቀላሉ ነው። ማይክሮባሉን ባለው ኢፖክሲ አስተካክል፣ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ላግ፣ ውሃ የሚከለክለውን የኢፖክሲ ፕራይመር በተፈቀደው ልክ ደራርብ፣ ከላይ ቀለም ቀባ። ኢፖክሲን ፀሐይ ይበላዋል፤ ስለዚህ ራቁቱን አትተወው። ጀልባህ ተጎታች ላይ የምትውል ከሆነ የባሕር ዕፅዋት መከላከያው ቀለም አያስፈልግህም።

ስትገጥመው መቆለፊያውን ክሊፕ ወይም ፒን እንዳትረሳ። ራደር ሌላ ጊዜ መሬት ሲመታ ከቀለበቱ ወደ ላይ ዘሎ ይወጣል። ክሊፕ ከሌለው ሄደ ማለት ነው።

የመጀመሪያውን ጉዞ ያለ ልጆች አድርገው። ለስለስ ያለ ነፋስ ባለበት ቀን፣ ዳሩን ሳትርቅ። መልሕቅ፣ የእጅ መቅዘፊያና ቪኤችኤፍ ሬዲዮ ያዝ፤ የአደጋ ጥሪ ቻናል 16 ነው። እዚያው ላይ ራደሩ ጠፋ ብለህ ተለማመድ። ቲለሩን፣ ማለት እጀታውን፣ ለቀህ በሸራዎቹ ብቻ አዙራት። የዋናውን ሸራ ገመድ ሳብ፣ የፊቱን ላላ ስታደርግ አፍንጫዋ ወደ ነፋሱ ይዞራል። በተቃራኒው ስታደርግ ከነፋሱ ትርቃለች። ከኋላ በኩል በገመድ ባልዲ ጎትት፤ በየትኛው ጎን ከጎተትክ ወደዚያ ትዞራለች። የኋላ ሞተር ካለህም እሱ ራሱ መሪ ይሆናል። ይህን አንድ ከሰዓት ከሞከርክ በኋላ ልጆችህን በሕይወት ጃኬት አስገብተህ ውጣ።

ስትመለስ ቲለሩን ግራ ቀኝ አወዛውዝና ብሎኖቹን አንድ ጊዜ አጥብቅ። ከመግጠምህ በፊት ደግሞ ደረቅ ክብደቱን፣ ቀኑን ጨምረህ፣ ራደሩ አናት ላይ ቲለሩ በሚሸፍነው ቦታ በማይለቅ ማርከር ጻፍ። ጥቅምት ላይ ጀልባዋን ስታወጣ እንደገና መዝነው። ቁጥሩ ከጨመረ ብርዱ ሳይመጣ ላክልኝ።